እባቡን ልግደለው ወይስ ልለፈው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አደን ስወጣ መርዛማ እባብ ያጋጥመኛል። ጓደኞቼ «ግደለው፣ ነገ ሌላ ሰው ይነድፋል» ይሉኛል። እርስዎ ምን ይላሉ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ አልገድልም። ሊገድለው ወይም ሊይዘው ሲጠጋ የሚነደፍ ሰው ብዙ ነው። እፉኝትን ልብ ብለህ አይተህ ታውቃለህ? ደረቅ ቅጠል መስሎ ይተኛል። ሰው ቢቀርበውም ብዙ ጊዜ አይሸሽም፤ የሚተማመነው በመደበቁ ነው። ስለዚህ ካየኸው ቀጥ በል። ከዚያ ቀስ ብለህ ወደኋላ ራቅና ዞረህ እለፍ። ውሻህን ቶሎ ጥራው፣ አፍንጫውን አስቀድሞ ነው የሚጠጋው። ድንጋይ ላይ መተኮስማ ጭራሽ አይሆንም፤ ጥይቱ ነጥሮ ሰው ይመታል።

ድንኳን ውስጥ ከገባ ነገሩ ሌላ ነው። ያኔም መጀመሪያ ሰዉን አስወጣ።

የሞተውንም ቢሆን በእጅህ አትንካ። ጭንቅላቱ ተቆርጦ እንኳ ለብዙ ደቂቃዎች መንከስ ይችላል፣ መርዙም እዚያው አለ።

ከተነደፍክ ቁስሉን አትብጣው፣ አትምጠጠው፣ በገመድም አትሰረው። ቀለበትና ጫማህን አውልቅ፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ሳታንቀሳቅስ በሰው እርዳታ ቶሎ ሐኪም ቤት ድረስ። እባቡን ገድለህ መውሰድ አያስፈልግም፤ መልኩን ለሐኪሙ ንገረው።