መልስ፦ ፖስተሩ ላይ ያለው አማርኛ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ሳጥን ሆነብኝ ላልሽው

ፋይልሽ አልተበላሸም። የሐረር ስፌት ፖስተርሽ ላይ ፊደሎቹ ባዶ ሳጥን የሆኑት፣ ድሬዳዋ ከዚራ ያለው ማተሚያ ቤት ኮምፒውተር ላይ አንቺ የተጠቀምሽበት ፎንት (የፊደሎቹን መልክ የያዘው ፋይል) ስለሌለ ነው።

ፖስተሩን በሠራሽበት የዲዛይን ፕሮግራም፣ ኢሉስትሬተር ላይ እንዲህ አድርጊ፦

1. ፋይሉን በሌላ ስም ሴቭ አድርጊ። ከዚህ በኋላ የምትሠሪው ቅጂው ላይ ብቻ ነው።
2. የተቆለፈ ሌየር (ሥራው የተደራረበበት ንብርብር) ካለ ክፈቺው፤ አለበለዚያ እሱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይዘለላል።
3. ኮንትሮልና ኤ ተጫኚ፣ ሁሉም ይመረጣል። ቀጥሎ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኦ አንድ ላይ። ፊደሎቹ ወደ ቅርጽ ይለወጣሉ፣ ፎንት አይፈልጉም።
4. ፒዲኤፍ አድርገሽ በፍላሽ ውሰጂው።

የስፌቱ ደማቅ ቀይ ግን ወረቀት ላይ ስክሪኑ ላይ እንደምታዪው አይወጣም። ከለሩን ወደ ሲኤምዋይኬ (ለኅትመት ወደሚሆነው የቀለም አሠራር) ቀይሪና መጀመሪያ በኤ4 አሳትመሽ እዪው።

ዋናውን ፋይል አደራ እንዳትነኪው። እኔ ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ ቅጂ ሳላስቀር ቀየርኩት። ማታ ጓደኛዬ «ኤግዚቢሽን» የሚለው ላይ «ቢ» እንደጎደለች አየች። ፊደሉ አንዴ ቅርጽ ከሆነ በኪቦርድ አይታረምም። ጽሑፉን በሙሉ እንደገና ስጽፍ ነጋብኝ። ከመቀየርሽ በፊት ለሌላ ሰው አስነብቢው፤ የራስን ስህተት ዓይን ቶሎ አያይም።