እርግዝና፣ ሆርሞንና ደም ስር፦ ጠይቁኝ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። የእርግዝና ሆርሞኖች ደም ስር ላይ ምን እንደሚሠሩ ለጠየቃችሁኝ እነሆ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ አራተኛ ወሬ ነው። ብድግ ስል ያዞረኛል፤ ግፊትሽ ወርዷል አሉኝ። ደም አንሶኝ ይሆን?

መልስ፦ ደም ማነሱን ተመርመሪ፣ እሱ በግምት አይታወቅም። የግፊቱ መውረድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሆርሞን ነው። ኤስትሮጅን ሲጨምር የደም ስር ውስጠኛው ሽፋን ናይትሪክ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝ በብዛት ያመነጫል። ጋዙ የደም ስሩን ጡንቻ ያላላዋል። ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሌላው የእርግዝና ሆርሞንም ያግዘዋል። ግፊቱ አምስተኛው ወር አካባቢ በጣም ዝቅ ይልና ወደ መውለጃሽ ይመለሳል። ቀስ ብለሽ ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ።

ጥያቄ፦ በእርግዝና ደም ይጨምራል ይባል የለ? ታዲያ ግፊት እንዴት ይወርዳል?

መልስ፦ ይሄን ጥያቄ ወደድኩት! ደሙ ከ40 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ደም ስሮቹ ግን በጣም ስለሚላሉ ጭማሪውን ይችሉታል። ማህፀን ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ አለ። የእንግዴ ልጁ ህዋሳት የማህፀኑ ደም ቅዳዎች ግድግዳ ውስጥ ገብተው ጠባቡን ያሰፉታል፣ ለፅንሱ ብዙ ደም እንዲደርስ። ይህ በደንብ ካልተከናወነ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው በእርግዝና ጊዜ ግፊት የሚጨምርበት አደገኛ በሽታ ሊመጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ነስርና የድድ መድማትስ?

መልስ፦ ያው ሆርሞን ነው፤ ስትወልጂ ይለቅሻል። ነስሩ አልቆም ካለ ግን ታዪ።

ጥያቄ፦ ለመውለድ ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ ልበር ነው። እግሬ ላይ ደም ስር ተወጣጥሯል። ያሰጋል?

መልስ፦ መወጣጠሩ ብቻውን ብዙም አያሰጋም። ፕሮጄስትሮን ደም መልሶችን ያላላል፣ ማህፀኑም ከላይ ይጫናቸዋል። እኔን የሚያሳስበኝ የደም መርጋት ነው፤ ኤስትሮጅን ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን ያበዛል። ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትብረሪ። አውሮፕላን ላይ ተነስተሽ ተንቀሳቀሺ። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቀጥታ ሆስፒታል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሰባተኛ ወሯ ነው። ፊቷ አብጧል፣ ራሷን ያማታል። እናቴ «እርግዝና ነው፣ ይለቃታል» ትላለች።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እማማን በአክብሮት እለፋቸው። ዛሬውኑ ግፊቷን አስለካ፣ ሽንቷም ይመርመር። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሆርሞን አናሳብብም፤ ከላይ ያልኩት ፕሪኤክላምፕሲያ ሊሆን ይችላል። ዓይኗ ብዥ ካለባት ወይም ከጎድኗ በታች ካመማት እኩለ ሌሊትም ቢሆን ይዘሃት ሂድ።