መልስ፦ በፖርትፎሊዮ ውስጥ የስቱዲዮ ፕሮጀክት ይቅደም ወይስ የቢሮ ልምምድ?

እህቴ፣ ለአርክቴክትነት ሥራ በምታቀርቢው ፖርትፎሊዮ (የሥራዎችሽ ስብስብ) ውስጥ በትምህርት ላይ ሳለሽ የሠራሻቸው የስቱዲዮ ፕሮጀክቶች ይቅደሙ ወይስ በልምምድ ወቅት በቢሮ የሠራሻቸው ንድፎች ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ከስቱዲዮ ሥራዎችሽ በጎንደር ፒያሳ የነደፍሽው የባህል ማዕከል እንዲቀድም እመክራለሁ፤ ቀጣሪው ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው እንዴት እንደምታስቢ ነውና።

ይሁን እንጂ ባለቀለም ምስሎች ብቻቸውን አይበቁም። የመረጥሽው ቦታ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገበው የፋሲል ግቢ አጠገብ በመሆኑ፣ የሕንፃሽ ከፍታ ከግንቦቹ ጋር ያለውን ግንኙነት የሚያሳይ አንድ ሴክሽን (ሕንፃው ከላይ እስከ ታች እንደተቆረጠ ሆኖ የሚታይበት ንድፍ) ከብዙ ምስል ይበልጣል። ግንቦቹ በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው፤ ያንቺ ግድግዳ ግን ብሎኬት ሆኖ ድንጋዩ ልባስ ብቻ ከሆነ፣ ልባሱ ከብሎኬቱ ጋር በምን እንደሚያያዝና የዝናብ ውኃ ከመስኮቱ ደፍ እንዴት እንደሚወርድ በ1፡10 መጠን ሣዪው። ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይህንን ነው፤ በክረምት እርጥበት ወደ ቤት የሚገባውም አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በኩል ነው።

የልምምድ ሥራሽን በተመለከተ፣ ከመላው ፕሮጀክት ውስጥ አንቺ የሠራሽው የትኛው እንደሆነ በግልጽ ጻፊ፤ የመወጣጫ ደረጃ ዝርዝር ንድፍ ወይም የበርና የመስኮት ሠንጠረዥ ብቻ ቢሆንም አያሳፍርም። ንድፉን ከማካተትሽ በፊት የቢሮውን ፈቃድ ጠይቂ። ፌሮው ታስሮ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ሳይት ላይ ያነሳሽው ፎቶ ካለም ከዎርኪንግ ድሮዊንጉ (ለግንባታ ከሚያገለግለው ዝርዝር ንድፍ) ጎን አስቀምጪው፤ የተሣለውን ከተሠራው ጋር ማነጻጸር እንደምትችዪ ያሳያል።