ለሙሽራዋ ተማሪዬ፦ ቄስ አያትሽን የት እናስቀምጣቸው?

ከነርስነት ተማሪዎቼ አንዷ በቀደም ሥራ ሲያልቅ በር ላይ ጠበቀችኝ። የሙያ ጥያቄ ያላት መስሎኝ ነበር። "ሲስተር፣ ከስግድ በኋላ ልዳር ነው። አያቴ ቄስ ናቸው። ሑፓው ሥር ግን የሚባርከው ራቢው ነው። አያቴን የት ላስቀምጣቸው?" አለችኝ። እኛ እዚህ እስራኤል የምንኖር ቤተ እስራኤል፣ የኢትዮጵያ አይሁድ ነን። ቄስ የምንለው የራሳችንን ካህን ነው፤ ራቢ ደግሞ እዚህ ያገኘነው የአይሁድ የሃይማኖት መሪ ነው። ስግድ የጸሎትና የጾም በዓላችን፣ ሑፓ ደግሞ ሙሽሮች የሚቆሙበት የሰርግ ድንኳን ነው። እዚያው መልስ አጣሁላት። ቤት ስገባ ደግሞ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ይህ ጥያቄ ያለባችሁ ብዙ ናችሁና ለሁላችሁም ልጻፈው።

የእኔም አያት ቄስ ነበሩ፤ ጎንደር፣ አምቦበር አካባቢ። እኛ አባዬ እንላቸዋለን። በሥራ ቀን ሸማኔ ነበሩ። ቤተ እስራኤል ርስት አልነበረውምና ብዙው ሰው በእጁ ሙያ ነበር የሚያድረው። ዓርብ ከሰዓት ሸማው ይታጠፋል። ወንዝ ወርደው ታጥበው ነጭ ይለብሳሉ፣ ጥምጥማቸውን ያስተካክላሉ። ከዚያ ሰንበት እስኪወጣ እሳት የሚባል ነገር የለም። በማግሥቱ ጸሎት ቤት ኦሪት በግእዝ ይነበባል፣ አባዬ በአማርኛ ያብራራሉ፣ ሴት አያቴ የጋገረችው የሰንበት ዳቦ ይባረክና ይቆረሳል።

ከሰንበት የቀረ ሰው ካለ፣ ሰንበት እንደወጣ ዱላቸውን ይዘው ቤቱ ይሄዳሉ። "ለምን ቀረህ?" ብለው አያውቁም። "አመመህ ወይ?" ነበር የሚሉት። እኔ ነርስነትን መማር የጀመርኩት ከዚያ ነው።

ጋብቻ ሲታሰብ ደግሞ ሁለቱ ቤተሰቦች እሳቸው ዘንድ ይመጣሉ። ዘር ይቆጠራል። እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ካለ ጋብቻ የለም። አባዬ ወረቀት አያውቁም፤ በጣታቸው ነው የሚቆጥሩት፣ በእናትም በአባትም። አንዴ ጠላው ሁሉ ከተጠመቀ በኋላ በስድስተኛው ላይ ዝምድና አገኙ። ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ያን ቀን አባዬ እህል አልቀመሱም። ለልጅቱ ሌላ ባል እስኪገኝ ድረስም እናቷን መጠየቅ አልተዉም። ዛሬ በሥራዬ የበሽተኛ ቤተሰብ ታሪክ ስሞላ አብዛኛው ሰው ከአያቱ ወዲያ አይሄድልኝም። አባዬ የመንደሩን ሁሉ ሰባት ትውልድ በጭንቅላታቸው ይዘውት ነበር።

በ1984 (እ.ኤ.አ.) በእግር ወደ ሱዳን ወጣን። በስደተኛ ካምፑ አይሁድነታችንን መደበቅ ነበረብን። ሰንበት በሹክሹክታ ነበር፣ ቀብርም በሌሊት። በዚያ መንገድና በካምፖቹ ወደ 4,000 የሚጠጉ ወገኖቻችን አልቀዋል። አባዬ የቀበሯቸውን ሁሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ያዙ። እስራኤል ከገባን በኋላ በየተዝካሩ አንድ በአንድ ይጠሯቸው ነበር። ዛሬ ኢየሩሳሌም፣ ሄርዝል ተራራ ላይ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ያላያችሁ ሂዱ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ። በ1985 የሃይማኖት ባለሥልጣናቱ ለመጋባት መጀመሪያ ውኃ ውስጥ ጥለቁ ሲሉን፣ አይሁድነታችን ለምን ይጠረጠራል ብሎ ሕዝባችን ኢየሩሳሌም ላይ ሳምንታት ተቀምጦ ተቃወመ። አባዬም ጥምጥማቸውን አስረው እዚያው ነበሩ። ከዚያ ጥቂት ቆይቶ ታላቅ እህቴ ተዳረች። ቄስ ቢባርክ በሕግ ጋብቻ አይሆንም ተባልን። አባቴ ጋብቻ መዝጋቢው ፊት "አባቴ እኮ ካህን ናቸው" ቢሉት ሰውየው ከወረቀቱ ቀና እንኳ አላለም።

የስንቱን መንደር ሙሽሮች ያጋቡ ሰው፣ የልጅ ልጃቸው ሰርግ ላይ ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ተቀመጡ። ቦታውን የመደበው የአዳራሹ ሰው ነው፤ ከእኛ ደግሞ ደፍሮ "ኧረ ተው" ያለ የለም። አገራችን ሙሽራው ግንባር ላይ ቀይና ነጭ ክር የሚያስሩት ቄሱ ናቸው። አባዬ ክሩን ገምደው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጥተዋል። ራቢው ሰባቱን በረከት ሲያደርስ ተነሥተው ቆሙ፣ በግእዝ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። እንደ ሰርጉ ልማድ ብርጭቆው ተሰበረ፣ ጭፈራው ቀለጠ። ክሩ እንደተቋጠረ ቤት ገባ። በመኪና ስንመለስ እናቴ ስታለቅስ "ልጄ ተዳረችልኝ፣ ሌላ ምን እሻለሁ?" አሏት። ቅር ብሏቸው ከሆነ አላሳዩንም። እኔን ግን ይኸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እናም ልጄ፣ አያትሽ ዘራችሁን ሳይቆጥሩ ቀን አትቁረጡ። ሲቆጥሩም አጠገባቸው ቁጭ በይ። የዛሬ ልጆች መብታችሁን በማወቅ እኛን ትበልጡናላችሁ፣ ደስም ይለኛል። ግን አዛውንት ሲናገር ቶሎ ይሰለቻችኋል፤ ቃሉን ከአፉ ነጥቃችሁ እናንተ ትጨርሱታላችሁ። በሽተኛ ክፍልም የማየው ይህንኑ ነው። ሽማግሌው "ሆዴን" ሲል እናንተ ቅጹ ላይ "የሆድ ሕመም" ጽፋችሁ ሄዳችኋል። ሰውየው ሊነግራችሁ የፈለገው ሆዱን ባር ባር እንዳለው ነበር።

ክሩን በዋዜማው፣ ቤታችሁ፣ ዘመድ ባለበት ያስሩላችሁ። እሱ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለሑፓው ግን ከጋብቻ መዝጋቢው ቢሮ ጋር አትጣዪ፤ ሰርግሽን ይመርዝብሻል። ደግሞ ሳስበው፣ ያኔ ባንጣላ ኖሮ ምን እናገኝ ነበር? ስግድ እንኳ የአገሪቱ በዓል ተብሎ በሕግ የታወቀው በ2008 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ስለዚህ ካስፈለገ ተጣዪ፣ ግን አስቀድመሽ። ራቢውን አሁኑኑ ከአባትሽ ጋር ሆናችሁ አነጋግሩት። "አያቴ ሑፓው ሥር ከጎንዎ ይቆማሉ፣ በግእዝ ይመርቁናል" በዪው። ደስ ብሎት የሚቀበል ራቢ አይቻለሁ። እምቢ ካለ ደውዪልኝ፣ እኔም አብሬሽ እሄዳለሁ።