ውሃው ሲሄድ ጭቃው ይቀራል

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ክረምት ክረምት ውሃ የሚተኛበትን የሰፈራችሁን ባዶ ቦታ ፓርክ ልታደርጉት ነው። ጎርፉንም ይያዝ፣ በዊልቸር የሚሄድ ሰውም ይግባበት ብለሻል። ይቻላል። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ትንሽ ቦታ ላይ ሠርቼ ስለነበር የተሳሳትነውን ልንገርሽ።

መንገዱን ያሳለፍነው የዝናብ ውሃ እንዲጠራቀምበት ባዘጋጀነው ጉድጓድ ወለል ላይ ነበር። ትልቅ ዝናብ መጣ፣ ውሃው በአንድ ቀን ወጣ። ተሳካልን ብለን ሳንጨርስ ሁለት ጣት የሚሆን ደለል፣ ፌስታልና ሃይላንድ ትቶልን ሄዷል። በዊልቸር የሚመጡ አንድ አባት ነበሩ። የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች እንደ ማረሻ ጭቃው ውስጥ ተተከሉ። ለሁለት ተሸክመን አወጣናቸው። «ለእኔ ነው አይደል የሠራችሁት?» አሉን እየሳቁ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ዋናውን መንገድ ውሃው ከሚደርስበት በላይ፣ በዳር በዳሩ አዙሩት። ወንበሩም፣ ጥላውም፣ ሽንት ቤቱም እዚያው ይሁን። ታችኛው ለኳስና ለሣር ይበቃል።

ይህ ማለት ግን ዊልቸር ያለው ሰው ከላይ ሆኖ ይመልከት ማለት አይደለም። መውረጃ ይኑረው። ጉድጓዱ 1.5 ሜትር ጥልቀት ካለው፣ በአሜሪካኖቹ መስፈርት 1 ለ12 የሆነ ራምፕ፣ ማለትም ለአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት መንገድ፣ 18 ሜትር ይፈልጋል። በየ76 ሳንቲ ሜትር ከፍታው ደግሞ ማረፊያ ያስፈልገዋል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው፤ ክንዱ ለደከመ ሰው ግን ዳገት ነው። ቦታ ካላችሁ 1 ለ20 አድርጉት፣ 30 ሜትር ይፈጃል። ባንኮክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 የተከፈተው የቹላሎንግኮርን መቶኛ ዓመት ፓርክ መሬቱ 3 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው፤ ውሃው ራሱ ታች ወዳለው ኩሬ ይወርዳል። 3 ዲግሪ ከ1 ለ20 ብዙም አይርቅም። አንዱ ተዳፋት ለውሃውም ለሰውም ሆነ ማለት ነው።

ሌላው ጉዳችን መንገዱ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ የብረት ፍርግርግ ክዳን ነበር። ክፍተቱ ከመንገዱ ጋር ትይዩ ሆኖ ተገጠመና ጎማ ሰተት ብሎ ይገባበት ጀመር። ክፍተቱ ከ13 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፣ መንገዱንም አግድም ያቋርጠው። በማጠፊያና በቁልፍ ይታሰር፤ የብረት ክዳን ሰፈር ውስጥ ስንት ቀን እንደሚያድር ታውቂያለሽ።

ኮብልስቶን ደግሞ አደራ! ለሰፈር መንገድ ጥሩ ነው፣ ዊልቸር ላይ ላለ ሰው ግን አጥንት ይፈታል። ለስላሳ ኮንክሪት ይሻላል።

አፈሩ ዋልካ ከሆነ ውሃው ይሰርጋል ብላችሁ አትጠብቁ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ንጣፉንም ይዞት ይሄዳል። ከመንገዱ ሥር ቆርጣችሁ አውጡትና በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም በማያብጥ የተመረጠ አፈር፣ ሙሉት። የውሃ መውጫ ቱቦም የግድ ነው።

እስቲ አንድ ሜትር ያህል አስቆፍሪና የአፈሩን ፎቶ ላኪልኝ። ከዝናብ በኋላ ደለሉን በአካፋ የሚያነሳው ማን እንደሆነም አብረሽ ጻፊልኝ፤ እኛ እሱን ሳንወስን ነው የጀመርነው።