ከሹም ቤት ተወልዳችሁ ፖለቲካ ለምትመኙ የጅማ ልጆች

ልጆቼ፣ እንዴት ከረማችሁ?

አንዳንዶቻችሁ አባታችሁ ወይም አያታችሁ በወረዳ፣ በዞን ወይም በክልል ሹመት ላይ የነበሩ ናቸው። እናንተም በዚያው መንገድ መሄድ ታስባላችሁ። "ጋሼ፣ የቤተሰብ ስም ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?" እያላችሁ የምትጠይቁኝ ብዙ ናችሁ። እኔ ዕድሜዬን የገፋሁት እዚሁ ጅማ፣ በምክር ቤት ጽሕፈት ቤት ቃለ ጉባኤ ስጽፍና ማህደር ሳገላብጥ ነው። ሹም ሲመጣም ሲሄድም ከዚያ ሆኜ አይቻለሁ። ስሙ በእርግጥ ያስገባችኋል። ነገር ግን የማታውቁት ዕዳም አብሯችሁ ይገባል።

ዕዳ ስል የገንዘብ ማለቴ አይደለም። አባታችሁ የዋሉት ውለታ አለ፤ የተዋለላቸውም አለ። ያስቀየሙት ሰው አለ፣ ሳይፈታ የቀረ ጠብ አለ። ይህ ሁሉ ገና ወንበሩ ላይ ሳትቀመጡ በር ላይ ይጠብቃችኋል።

አንድ የማውቀው ልጅ ነበር፤ ስሙን አልናገርም። አባቱ በአካባቢው የታወቁ ሹም ነበሩ። ልጁ ተሾሞ ሥራ በጀመረ ሰሞን ኮሪደሩ በሽማግሌ ተሞላ። ሁሉም የሚሉት አንድ ነው፤ "አባትህ ያውቁኛል።" አንዱ የቦታ ካርታ ዘግይቶበታል፣ ሌላው ልጁን መቅጠር ይፈልጋል። ልጁ ተነስቶ ሁሉንም በአክብሮት ጨበጠ። ሻይ አስመጣ። ከዚያ "አባቶቼ፣ ማመልከቻችሁን መዝገብ ቤት አስገቡና ቁጥር ውሰዱ፤ በተራው አየዋለሁ" አላቸው። ያኔ በቡና ቤቱ ሁሉ ታማ። "ይሄ የአባቱ ልጅ አይደለም" ተባለ። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ዘመድ የሌላት አንዲት ባለጉዳይ ቁጥሯን ይዛ መጥታ በተራዋ ተስተናገደች። ወሬው በከተማችን ከመርካቶ እስከ ፈረንጅ አራዳ ደረሰ። ያ ልጅ በራሱ ስም መጠራት የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ሻይዋን ልብ በሉልኝ። የአባታችሁን ወዳጆች ማክበር ግዴታችሁ ነው። ተራ ማስዘለል ግን ክብር አይባልም።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ ልውሰዳችሁ። ጅሬን ያለውን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ያላየ የጅማ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ፎቶ ተነስታችሁ ተመልሳችኋል። እስቲ ደግሞ እንደ ፖለቲከኛ እዩዋቸው። ቀዳማዊ አባ ጅፋር መንግሥቱን ያቆሙት እ.ኤ.አ. በ1830 ገደማ ነው። ዳግማዊው ከአባታቸው ከአባ ጎሞል በ1878 ሲወርሱ ገና ወጣት ነበሩ። ስሙም ዙፋኑም የቤተሰብ ነው። በዚያ ዕድሜ ከውድቀት የጠበቃቸው ግን ምክር የሚሰሙ መሆናቸው ይመስለኛል። እናታቸው ገኔ ጉሚቲ ቀላል ሴት አልነበሩም፤ በመንግሥቱ ጉዳይ ቃላቸው ይደመጥ ነበር።

የምኒልክ ኃይል ወደ ደቡብ ሲገፋ ወይ መዋጋት ወይ መገበር የሚል ምርጫ መጣ። የወላይታው ንጉሥ ጦና ተዋግተው እ.ኤ.አ. በ1894 ተሸነፉ። የከፋው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም በ1897 ተማረኩ። አባ ጅፋር ግን ቀደም ብለው ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን አተረፉ። ይህን ፍርሃት የሚሉት አሉ። እኔ አልልም። አቅምን አውቆ ሕዝብን ከጦርነት ማዳን ትልቅ ፖለቲካ ነው። ግን ዋጋውንም አትርሱ፤ የጅማ ጦር በጎረቤቶቹ ላይ አብሮ ዘምቷል። ጅማም በዚያ ዘመን የታወቀች የባሪያ ንግድ ገበያ ነበረች። ስለ አያቶቻችሁ ስታወሩ የሚያኮራውን ብቻ መርጣችሁ አታውሩ። የተበደለው ወገን የልጅ ልጅም መራጫችሁ ነው።

መጨረሻቸው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። አባ ጅፋር ከሃምሳ ዓመት በላይ ገዙ። አርጅተው ሥልጣኑ ወደ ልጅ ልጃቸው ወደ አባ ጆቢር ዞረ። እ.ኤ.አ. በ1932 ግን የማዕከላዊው መንግሥት የጅማን ራስ ገዝነት አበቃ። ጅማ ገብራ ራሷን የምታስተዳድርበት ስምምነት ከአንድ ትልቅ ሰው ጋር የታሰረ ነበር። ሰውየው ሲደክሙ የቤተሰቡ ስም ብቻውን ሊያቆመው አልቻለም።

ዛሬ ወንበሩ የሚገኘው በምርጫና በሹመት ነው፤ የጨፌ ኦሮሚያ፣ ማለትም የክልሉ ምክር ቤት፣ አባልም የሚመረጠው ለአምስት ዓመት ነው። ስለዚህ አሠራሩን እወቁ። የወረዳ ምክር ቤት በጀት እንዴት ያጸድቃል? ዞኑ የራሱ የተመረጠ ምክር ቤት ሳይኖረው የክልሉ ክንድ ሆኖ የሚሠራው ለምንድን ነው? የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ሲጀምር የእናንተ ቀበሌ መንገድ በየትኛው መስመር ላይ ተይዟል? ይህን የማያውቅ ተመራጭ ስብሰባ ላይ እጅ ከማውጣት አያልፍም።

በተለይ ቤታችሁ አማርኛ ለሆናችሁ ልጆች አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ቃለ ጉባኤውም ደንቡም የሚጻፈው በቁቤ፣ በላቲን ፊደል ነው። ገበያ ላይ መግባባት አይበቃም፤ ሕግ እስከ ማንበብና ሪፖርት እስከ መጻፍ ድረስ ተማሩት። በአስተርጓሚ የሚሠራ ሹም ቁልፉን ለሌላ ሰው ሰጥቷል።

"ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ተረት ከትልልቆች አፍ ትሰሙታላችሁ። እባካችሁ አትድገሙት። ይህ ተረት ስንት ጨዋ ቤተሰብ አፍርሷል! በ2002 ዓ.ም. የወጣው የሀብት ማሳወቅና ማስመዝገቢያ አዋጅ የፌዴራል ተመራጮችና ተሿሚዎች ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል። እናንተ ባትገደዱም በገባችሁበት ቀን ያላችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ቤቱን፣ የቡና መሬቱን፣ ከአባት የወረሳችሁትን ሁሉ። በኋላ "ከየት አመጣው?" ሲባል መልሱ በእጃችሁ ይሁን። ወንድማችሁ ጨረታ ውስጥ ካለ ከኮሚቴው ውጡ፤ መውጣታችሁም ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

ሙያችሁንም አትጣሉ። ሹም ሽር ባለበት አገር የሚመለሱበት ሥራ የሌለው ሰው ወንበሩን ላለመልቀቅ የማያደርገው ነገር የለም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ነርስ ከሆንሽ የሙያ ፈቃድሽን አሳድሺ። መምህር ከሆንክ ቅዳሜ ቅዳሜ አስተምር። ነጋዴ ከሆንክ ሱቁን ለታማኝ ሰው አደራ ስጥ እንጂ አትዝጋው። እስከዚያው ግን የቀበሌያችሁን ቀጣይ ጉባኤ ቀን ጠይቁ፤ ሕዝብ የሚገባበት ከሆነ ደብተር ይዛችሁ ከኋላ ተቀመጡ።