የአንባቢያን ጥያቄ፦ ካቢኔ ሲዋቀር ስም ቆጠራው

ጥያቄ (ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)፦ ምርጫ አልፎ አሸናፊው ፓርቲ ካቢኔ ሊያዋቅር ሲል ሁሌ 40-40-20 ሲባል እሰማለሁ፣ ይሄ ነገር ሕግ ነው እንዴ ወይስ የሰፈር ወሬ? እኛ ሃያው ውስጥ ነን የተባልነው ሰዎችስ ከንቲባ መሆን አንችልም ማለት ነው?

መልስ፦ አቦ ወንድሜ፣ ይሄ ጥያቄ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ስንት የጫት በርጫ የጨረሰ ጥያቄ ነው። ሹመት በተነገረ ማግስት ሁሉም ስልኩን ይዞ ሊስቱን ወደታች እየሳበ "ይሄ የማን ነው? ያኛውስ?" እያለ ጣቱን ያጥፋል፣ ሰውየው ምን ተማረ፣ የት ሠራ፣ የሚጠይቅ የለም።

ሕግ አይደለም። ከተማው የሚተዳደርበት ቻርተር አዋጅ ቁጥር 416/1996 ነው፣ እሱ ውስጥ እንዲህ ያለ ቁጥር አታገኝም። ነገሩ የፓርቲዎች ስምምነት ነው፣ በኢህአዴግ ጊዜ የኦሮሞው ፓርቲ ኦህዴድና የሶማሌው ፓርቲ ከንቲባነቱን እየተፈራረቁ ሲይዙት የመጣ፣ 40 ለኦሮሞ 40 ለሶማሌ 20 ለሌላው። ለምን መሰለህ፣ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልሎች ሁለቱም ድሬ የኛ ናት ስላሉ ከተማዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል ሆነ፣ ሁለቱም እንዳይኮርፉ ደግሞ ወንበሩ እኩል ተቆረሰ። ከሕዝብ ብዛት ጋር እንኳን አይገጥምም እኮ፣ በ1999ኙ ቆጠራ ኦሮሞ 46 በመቶ ገደማ፣ ሶማሌ 24 ገደማ፣ አማራ ወደ 20፣ ጉራጌ ከ5 በታች ነበር። ለዚህ ነው በ2011 የከተማው ልጆች ሰልፍ ሲወጡ ይሄ ነገር ይነሳልን ያሉት።

ከንቲባነቱን በተመለከተ፣ በወረቀት ትችላለህ፣ ምክር ቤቱ ከአባላቱ መሃል ይመርጣል፣ ከንቲባው ደግሞ ካቢኔውን ያቀርባል። በተግባር ግን ስሙ ወደ ምክር ቤቱ ከመምጣቱ በፊት ፓርቲው ውስጥ አልቋል፣ አዳራሹ ውስጥ የትምህርት ደረጃና የሥራ ልምድ ይነበባል፣ እጅ ይወጣል፣ ተቃውሞ ካለ ተብሎ ይጠየቃል፣ ድምፀ ተአቅቦ ካለ ይባላል፣ ከዛ ቃለ መሃላ፣ አለቀ።

እኔ ብሆን ግን ስም ከመቁጠር ወንበር አያለሁ። ሁለት ሰው እኩል "የቢሮ ኃላፊ" ይባላል፣ አንዱ መሬት ላይ ይፈርማል ወይ በጀት ይለቃል፣ ሌላኛው ወርክሾፕ ይከፍታል፣ በቆጠራው ግን ሁለቱም አንድ አንድ ናቸው። ፋይናንስና መሬት ማን ጋ ሄደ ብለህ ጠይቅ፣ ክፍፍሉ እዛ ላይ ይታይሃል።

ጥያቄ (ከጀጎል፣ ሐረር)፦ እኛ ጋስ ፕሬዝዳንቱ ለምን ሁሌ ሐረሪ ይሆናል? የምርጫ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ የናንተው ከድሬ የሚለየው ተጽፎ መቀመጡ ነው። የክልሉ ምክር ቤት 36 መቀመጫ አለው፣ 22ቱን ነዋሪው በሙሉ ይመርጣል፣ 14ቱ የሐረሪ ብሔራዊ ጉባኤ ናቸው፣ እነሱን የሚመርጠው ከክልሉ ውጪ ያለውን ጨምሮ ሐረሪው ነው። ለፕሬዝዳንትነት እጩ የሚያቀርበው ይሄ ጉባኤ ስለሆነ ነው እንዲያ የሚሆነው። በ2013ቱ ምርጫ እናንተ ከሌላው አገር ዘግይታችሁ መስከረም 20 ቀን 2014 ድምፅ ሰጣችሁ፣ ከዛ በኋላም ፕሬዝዳንቱ አቶ ኦርዲን በድሪ በቦታቸው ቀጠሉ።

ፍትሃዊ ነው ወይ ካልሽኝ፣ ከባድ ነው። በ1999 ቆጠራ ክልሉ ውስጥ 183 ሺህ ምናምን ሰው ነበር፣ ከዛ ሐረሪው 9 በመቶ አይሞላም፣ ኦሮሞው 56 በመቶ ገደማ ነው። ባንድ በኩል ይሄ ጥበቃ ባይኖር ትንሹ ሕዝብ በገዛ ከተማው ይዋጣል፣ በሌላ በኩል የሸንኮር ልጅ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሐረሪ ካልሆነ ፕሬዝዳንትነቱን አያስባትም። እኔ ግን የተጻፈውን እመርጣለሁ፣ ቢያንስ ይሄ አንቀጽ ይቀየር ብለሽ መከራከር ትችያለሽ፣ የድሬው ግን የት ቢሮ ሄደሽ ታመለክቺበታለሽ?

ጥያቄ (ጡረታ የወጣሁ የባቡር ሠራተኛ ነኝ፣ ከለገሃር)፦ ያልተመረጠ ሰው፣ ጭራሽ የተቃዋሚ ሰው፣ ካቢኔ ውስጥ መግባት ይችላል ወይ?

መልስ፦ ጋሼ፣ በፌዴራል ደረጃ ይችላል። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 74 ላይ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ከምክር ቤት አባላትም ከውጪም ሰው ማቅረብ ይችላል ይላል፣ ያው ተወካዮች ምክር ቤት ማፅደቅ አለበት። ብልፅግና በ2013ቱ ምርጫ አብላጫውን ጠራርጎ ወስዶም መስከረም 2014 ላይ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች፣ ከኢዜማ ዶክተር ብርሃኑ ነጋን ትምህርት ሚኒስቴር፣ ከአብን ዶክተር በለጠ ሞላን ኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ ከኦነግ አቶ ቀጄላ መርዳሳን ባህልና ስፖርት ላይ ሾሟል። ጥምር መንግሥት ነው የሚሉ አሉ፣ አይደለም፣ ጥምር የሚባለው ፓርቲ ብቻውን አብላጫ ሲያጣ ነው፣ እዚህ ግን አሸናፊው ሳይቸገር የሰጠው ወንበር ነው፣ የሰጠ ደግሞ ባሻው ቀን ይወስደዋል። ካቢኔ ከገቡ በኋላም የካቢኔውን ውሳኔ አብረው ይሸከማሉ፣ ስለዚህ ተቃዋሚ ተብለው የሚጠሩት በፓርቲ መታወቂያቸው ብቻ ነው።